የእንግሊዝ አገር ስድብ፣ የሃርጌሳ ፍየል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን አጥብቄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በገዛ እጁ ሰላሙን የሚያስረክብበት ቅጽበት እንደ ልደቱና እንደ ቀብሩ ሊመዘገብለት ይገባል ብዬ ስለማምን ነው። በተጠቀሰው ሰዓት እኔ፣ ዕድሜ ልኩን የኮንክሪት ጥንካሬ ሲለካ የኖረ ጡረተኛ መሐንዲስ፣ ሃርጌሳ ውስጥ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር፣ በወዳጄ በሐጂ ጃማ የቧንቧና የሲሚንቶ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ፣ የሁለታችንን ፎቶግራፍ በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ለጠፍኩ።

ፎቶግራፉ ምን ዓይነት ጥፋት እንዳለበት አንባቢ ራሱ ይመርምረው። ሁለት ሽማግሎች በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ሁለት ብርጭቆ የወተት ሻይ አለ። አንደኛው ሽማግሌ ጢሙን በሂና አቅልሟል፤ ሌላኛው ኮት ለብሷል፤ ኮቱ ለሃርጌሳ ሙቀት አይሆንም ቢባልም ሽማግሌው ሰምቶ አያውቅም። በስተቀኝ በኩል የሚታየው ደብዛዛ ነገር ፎቶውን ያነሳችን የሻይ ሻጯ የኻድራ አውራ ጣት ነው። ከሥሩም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከወዳጄ ከሐጂ ጃማ ጋር ሻይ ስንጠጣ። ሃርጌሳ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ረዘም ያለ ጊዜ አጥፍቻለሁ። ቅጽል የለበትም፣ ትንቢት የለበትም፣ መንግሥት የለበትም። በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ የሚታተመው ማስጠንቀቂያ እንኳ ከዚህ ይልቅ ያስቆጣል።

የለጠፍኩበት ገጽ ያገሬ ሰዎች በየባዕዱ ምድር የሚገናኙበት ነው። ቤት የሚፈልግ፣ ሥራ የሚፈልግ፣ ጤፍ ከየት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ይጽፍበታል። እኔም ለዓመታት በዝምታ ሳነብ ኖሬ፣ አንድ ቀን ድርሻዬን ላዋጣ ብዬ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ አበው። እነሱ ግን ስለ አፍ እንጂ ስለ ጣት የተናገሩት ነገር የለም።

የመጀመሪያው አስተያየት ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ደረሰ፦ «ስንት ተከፈለህ?»

እዚህ ላይ ስለ አሠራሬ አንድ ነገር መግለጽ ግድ ይሆንብኛል። እኔ ያደግሁበት መሥሪያ ቤት መልስ ሳይሰጠው የሚያድር ደብዳቤ አልነበረም። የተናደደ ሰው ደብዳቤም ደብዳቤ ነው፤ ገቢ ይሆናል፣ ይመራል፣ ይመለስለታል። ስለዚህ እርሳስ አውጥቼ በወረቀት ላይ ረቂቅ ካዘጋጀሁ በኋላ እንዲህ ስል መለስኩ፦ «ክቡር አስተያየት ሰጪ፤ ለፎቶግራፉ የተከፈለኝ ነገር የለም። የሻዩን ሂሳብ የከፈሉት ሐጂ ናቸው። ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።»

«አመነ!» የሚል መልስ መጣ። «ሶማሌው እንደከፈለለት በራሱ አፍ አመነ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንኛውም የውኃ መሐንዲስ ያውቀዋል፤ ግድብ የሚፈርሰው በጣት ከምትደፈን ቀዳዳ ተነሥቶ ነው። ባንዳ ተባልኩ። የጃጀ ተባልኩ። በወጣትነቴ የማን ወገን እንደነበርኩ የሚመሰክሩ፣ እኔ ወጣት በነበርኩበት ዘመን ያልተወለዱ ምስክሮች ተገኙ። ለሁሉም በየተራ መለስኩ። ማታ ላይ ደግሞ ፎቶግራፉ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ድንበር ተሻግሮ ሶማሊኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ደረሰና ከወዲያኛው በርም ገቡልኝ። «ባሕራችንን ልትወስድ መጣህ» አለኝ አንዱ። «ክቡር ሆይ፤ ያለሁት ሃርጌሳ ነው። ባሕር የለም። የምንጠጣውን ውኃ እንኳ በቦቴ ነው የሚያመጡልን» ስል አስረዳሁት። ሌላው የጻፈውን ስልኬ ሲተረጉምልኝ «አንተ ሽማግሌ ጅብ፣ አህያህን ይዘህ ካገራችን ውጣ» የሚል ሆኖ ተገኘ። አህያ እንደሌለኝ ገልጬ መለስኩለት።

ባጭሩ፣ ሁለት ወገኖች በምንም ነገር የማይስማሙበት ዘመን ላይ ሆነን፣ እኔ በእኔ ላይ አስማማኋቸው። ለዚህ የሰላም ሥራ እስካሁን ያመሰገነኝ የለም።

መልሶቼ ነገሩን የሚያበርዱት መስሎኝ ነበር። ይባስ ብሎ አንድ ሰው «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር» የምትለዋን ሐረጌን ፎቶ አንስቶ ለብቻዋ ለጠፋት፤ ሰዎችም በስድባቸው መጨረሻ ላይ ያስቀምጧት ጀመር። «ውሻ፤ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር።» ሌላው ዘለፋ እንደ ዝናብ ካባዬ ላይ ነው የወረደው፤ ይህቺ ግን ቆዳ አገኘች። አንድ ሙሉ የሥራ ዘመን ከዚያች ሐረግ ሥር ፈርሜያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰውነቴ በየዕለቱ ሪፖርት ያቀርብልኝ ጀመር። እህል አልወርድ አለኝ። መንገድ ላይ የሚያየኝ ሁሉ አንብቦኛል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። በሚኒባስ ስሄድ አንድ ወጣት ከስልኩ ቀና ብሎ አየኝ፤ ወደ ስልኩ ተመለሰ፤ እንደገና አየኝ።

«አደር» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

«የምጽፈው ሁሉ የራሴ አስተያየት ነው! ማንም አልከፈለኝም!» ስል ባለኝ ሶማሊኛ ሁሉ ጮኽኩ።

ልጁም በትሕትና «አደር፣ መነጽርህ ላይ ተቀምጠሃል» አለኝ።

የተሰበረውን መነጽር ይዤ በማግስቱ መድኃኒት ቤት ገባሁና ደም ግፊቴን ተለካሁ። ፋርማሲስቱ መሣሪያውን አየ፤ እኔን አየ፤ መሣሪያውን መታ መታ አደረገና እንደገና ለካኝ።

«ጨው ትበላለህ?»

«እኔ ጨው አልበላም። ሰው ነው እኔን እየበላኝ ያለው።»

ካርዱ ላይ «ጨው አይበላም» ብሎ ጻፈ። የቀረውን የሚጽፍበት ቦታ ካርዱ ላይ አልነበረም።

ባለቤቴ የሺ መድኃኒቱን በውኃ እያቀበለችኝ «አንተ ሰውዬ» አለች። «እበር ላይ መጥቶ የሚሰድብህ ሰው ቢያንኳኳ ትከፍትለታለህ?»

«አልከፍትም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ተሳዳቢ በኪስህ ይዘህ የምትዞረው ምን አድርጎልህ ነው?»

የሺ ስልኩን ወስዳ ሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቀችው። ቆርቆሮው ግን ይንዘፈዘፋል። በየደቂቃው ከመደርደሪያው ላይ «ዝዝዝ» ይላል፤ እኔም እሳት የነካኝ ይመስል ብድግ እላለሁ። በመጨረሻ አውጥቼ አነበብኩ። ልዩነቱ ስድቡ ሽሮ ሽሮ መሽተቱ ብቻ ነበር።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው፤ ቢያስቃችሁም አልቀየምም። የማያስቀው የሚከተለው ነው። ወደ ሐጂ ሱቅ መሄድ ተውኩ።

ሐጂ ጃማ የሃርጌሳ ሰው ይሁኑ እንጂ ያደጉት ድሬዳዋ ነው። በአማርኛ ተምረዋል፣ በአማርኛ ነግደዋል፣ በአማርኛ ይምላሉ። የድሬ ሰው እንደመሆናቸው «አንቱ» የሚባል ነገር አያውቁም፤ እኔ «እርስዎ» ስላቸው የሌላ ሰው ስም የጠራሁ ይመስል ወደ ኋላቸው ዞር ይላሉ። እዚህ አገር ስኖር፣ ከየሺ ቀጥሎ፣ ያለ አስተርጓሚ የምስቀው ከሳቸው ጋር ነው። ዐስር ከሚባለው የከሰዓት ሶላት በኋላ ያለችው የወንበር ሰዓት ባትኖር ኖሮ ጡረታዬ መጠበቂያ ክፍል ብቻ ይሆን ነበር። እና ያገሬ ሰዎች በዚያ ፎቶግራፍ ሥር እኔን ብቻ አልሰደቡም። እሳቸውንም ሰድበዋል፤ እናታቸውንም ጨምረው። የተጻፈውን አልደግመውም። እኔ «ሐጂ ስልካቸው አሮጌ ነው፣ አያዩትም» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይሁንና አይተው ከሆነ ዓይናቸውን ምን ብዬ አያለሁ? ስለዚህ ቀረሁ። ዛሬ ራስ ምታት፣ ነገ ጉልበት፣ ከነገ ወዲያ የቦቴ ውኃ መጠበቅ ሰበብ ሆነልኝ።

በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ፣ ረፋዱ ላይ፣ የግቢያችን ቆርቆሮ በር ሊገነጠል ደረሰ።

«አሰላሙ ዐለይኩም! የሺ እህቴ፣ ቶሎ ክፈቺ፣ ይኼ ወጠጤ ክንዴን ሊነቅለው ነው!»

ሐጂ ጃማ በአንድ እጃቸው ምርኩዛቸውን፣ በሌላው አንድ ጥቁር ነጭ ፍየል ይዘው ገቡ። ከሁለቱ ይበልጥ የደከሙት ሐጂ ነበሩ።

«አቦ ኢንጂነር!» አሉኝ። «ሞተሃል ብዬ ነበር እኮ። ካልሞትክ ለምን አትመጣም?»

«ትንሽ ጉልበቴን አሞኝ ነው፣ ሐጂ።»

«ጉልበትህን አይደለም። ያ አህያህን ይዘህ ውጣ ያለህ ልጅ አለ አይደል?»

አይተውታል ማለት ነው።

«የእህቴ ልጅ ነው» አሉ ሐጂ። «እንግሊዝ አገር ታክሲ ይነዳል። ተሳፋሪ ሲያጣ ሰው ይሰድባል።»

«እንዴት አወቁት? ስሙ እኮ "የበረሃው አንበሳ" ነው የሚለው።»

«አንበሳ! ፎቶውን አላየህም? አንበሳው የእናቱ ሶፋ ላይ ተጋድሟል። ያንን ሶፋ ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ! ደውዬ ጆሮው እስኪግል ነገርኩት። እህቴም አለቀሰች። በል፣ ይኼ ሓልህ ነው፣ ተቀበል።»

ሓል በሶማሌ ደንብ፣ ሰው ሲሰደብ ወይም ክብሩ ሲነካ የበዳዩ ወገን የሚያቀርበው ካሳ ነው። የበዳዩ ወገን የተባለው ልብ ይባልልኝ። ልጁ ቢሰድብ አጎቱ ይጠየቃል፤ አጎቱ ባይኖር የአጎቱ ልጅ። ምላስ የግል ንብረት አይደለም። እኔ ግን በሌላ ትምህርት ቤት የሠለጠንኩ በመሆኔ ተከራከርኩ።

«ሐጂ፣ የሰደበኝ እሱ ነው። እርስዎ በምን ይጠየቃሉ? ስድቡስ ቢሆን የተጻፈው እንግሊዝ አገር ነው።»

«ስድቡ ከእንግሊዝ ነው፣ ፍየሉ ከዚህ ነው። አቦ ዝም ብለህ ገመዱን ያዝ!»

ገመዱን ያዝኩ። ችግሩም በዚያው ተጀመረ።

«ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልን» አለች የሺ። «ግን ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው።»

«እና?»

«ጾም ነዋ።»

«አይ ጾማችሁ! እሺ፣ ነገ እናርደዋለና።»

«ነገስ ማን ይረደው?»

ፍየሉ ብቻ ነበር የማይጨነቀው። እንደምታውቁት፣ ሐጂ በቢስሚላህ ካረዱት እኔና የሺ አንቀምሰውም፤ እኔ በስመ አብ ብዬ ካረድኩት ሐጂ አይቀምሱትም። የካሳ ፍየል ደግሞ ደንቡ አብሮ መብላት ነው፤ አንዱ እየበላ ሌላው የሚያየው ከሆነ ዕርቅ ሳይሆን አዲስ ጠብ ይሆናል። በአንድ ወንበር ይህን ያህል ዘመን ሻይ ስንጠጣ፣ ሻይ የማይታረድ ነገር በመሆኑ፣ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

«ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አንተ ብናርደውስ?» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ፍየል የሚሞተው አንድ ጊዜ ነው።»

«እንሽጠውና ዓሣ እንግዛ» አለች የሺ። «ዓሣ ማንም አያርደውም።»

«ሓል አይሸጥም፣ የሺ እህቴ፤ ነውር ነው።»

እኛ ይህንን የሃይማኖት ጉባኤ ስናካሂድ ፍየሉ ገመዱን ጎትቶ በረንዳ ላይ ካለው ጠረጴዛዬ ደርሶ ነበር። ለሰዳቢዎቼ በእርሳስ ያዘጋጀኋቸውን ረቂቅ መልሶች አንድ በአንድ በላቸው። ሳልከላከልለት አየሁት። ጽሑፌን እስከ መጨረሻው የጨረሰ የመጀመሪያው ፍጡር ነበር፤ አስተያየትም አልሰጠም።

የሺ ሻይ አመጣች። ሐጂ በከንፈራቸው ነኩት እንጂ አልጠጡትም። ብርጭቆውን አስቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያንን የድሬ ጨዋታቸውን ትተው፣ «ኢንጂነር፣ ለእኔስ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ ምን?»

«የኔ ልጅ አንተን ሰደበ፤ መጣሁ። እኔን በአማርኛ የሰደቡኝስ? አጎታቸው የት ነው? ወደ ማን በር ልሂድ?»

አንብበውታል። አንዱንም ሳያስቀሩ አንብበውታል።

«ሐጂ» አልኩ፣ «እኛ ዘንድ ደንቡ የተለየ ነው። ሰው የሚጠየቀው ራሱ ባጠፋው ነው። እነዚያን ሰዎች አላውቃቸውም። እኔ በነሱ ስም ይቅርታ ብጠይቅ በሌለኝ ሥልጣን እንደመፈረም ነው።»

«እሺ፣ ራሳቸው ይጠየቁ። ራሳቸው የታሉ?»



ሐጂ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አልተቀየምኩህም» አሉ። «ወንበሩም አለ። ግን አንድ ነገር እፈራለሁ፣ ኢንጂነር። አጠገቤ ስትቀመጥ አንተን ሳይሆን እነሱን እንዳላይ።» ይህን ብለው ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። የድሬ ሰው ሻይ ጥሎ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የሺ በሩን ዘግታ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር፤ ቁጣዋ ግን ከእንባዋ ቀደመ።

«በኛስ ደንብ የለም እንዴ?» አለች። «ድንጋይ መሸከም የት ሄደ?»

«ድንጋይ የሚሸከመው የበደለ ነው፤ እኔ አልበደልኩም።»

«አንድ ያገርህ ልጅ ውጭ ተምሮ ዶክተር ሲባል "የኛ ልጅ" ብለህ ለሐጂ ስትኩራራ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሲባልግ ጊዜ "አላውቀውም" ማለት ከየት መጣ?»

እንግዲህ ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አልናገርም። ሐሙስ ጧት ድንጋይ ፍለጋ ግቢውን ዞርኩ። የሃርጌሳ ግቢ አሸዋ እንጂ ለትከሻ የሚሆን ድንጋይ የለውም። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሥራ ዘመኔ መታሰቢያ ብዬ ያስቀረሁት፣ በሩን የምናስደግፍበት የኮንክሪት መፈተሻ ኩብ። በሁሉም ጎኑ አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ስምንት ኪሎ ገደማ። ድንጋይ መሆን አለመሆኑን ከራሴ ጋር ተከራከርኩና፣ ጠጠር ስላለበት ይበቃል ስል ወሰንኩ።

ከምኖርበት ሰፈር ከማሕሙድ ሃይቤ እስከ ጋአን ሊባህ ስምንት ኪሎ በማጅራት ተሸክሞ መሄድ ለእኔ ዕድሜ ራስን ማጥፋት ነው። በባጃጅ ሄድኩ፤ ኩቡን እንደ ሕፃን ልጅ አቅፌ። ደንቡ ስለ ትራንስፖርት የሚለው ነገር የለም። ከሐጂ ሱቅ ትንሽ ራቅ ብዬ ወረድኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ኩቡን ማጅራቴ ላይ አስቀምጬ አጎንብሼ መራመድ ጀመርኩ።

አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። ይህ ደንብ ባገራችን ሲታይ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል፤ መንገድ ይለቃል፣ ዝም ይላል። ሃርጌሳ ላይ፣ ወደ ግንባታ ዕቃ ሱቅ ኮንክሪት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሌላ ነገር ነው።

«ኦዳይ፣ ብሎኬቱ ስንት ነው?» አለኝ አንድ መንገደኛ፤ ሽማግሌው ማለቱ ነው። መራመዴን ቀጠልኩ። «ለአጥር የሚሆን እፈልጋለሁ። ሌላ አለህ?»

ሐጂ ደጃፍ ደርሼ፣ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ሐጂ ከውስጥ ብቅ ብለው ደነገጡ። እኔም በተዘጋጀሁበት ቃል «ሐጂ፣ ስለ ሰዎቼ ይቅርታ ልጠይቅ መጥቻለሁ» ልል አፌን ስከፍት ኻድራ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ጥላ ተነሣች።

«ሐጂ!» ብላ በሶማሊኛ ጮኸች። «አላህን አትፈራም? ይኼን ያረጀ ሰው በባዶ እግሩ ዕቃ ታሸክማለህ?»

«እኔ? እኔ አላሸከምኩትም!»

«ጉልበት ያለው ሰው ጠፋ በዚህ ሰፈር?» አለ ብሎኬት ሊገዛ የነበረው ሰው።

«አስታግፊሩላህ! እኛ ክብራችን የት ሄደ?» አለ ሌላው።

ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም የኔ ጠበቃ ሆነ። ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ርኅራኄ በአንድ ደቂቃ ተትረፈረፈልኝ፤ የሚወርደው ግን በሐጂ ራስ ላይ ነበር። አንድ ጎረምሳ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጸን ያዘ። ሐጂ ግራ ቀኝ እያዩ በአማርኛ «አቦ ኢንጂነር!» አሉኝ። «ይቅርታ ልትጠይቀኝ መጥተህ አሰደብከኝ እኮ!»

«ደንቡ እርስዎ አውርድ እስኪሉኝ መቆም ነው፣ ሐጂ» አልኩ ከኩቡ ሥር።

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ድሬ ነው ያደግሁት» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «አንተ ምን አጠፋህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁት፣ በሦስት ነጥብ የተከፈለ መልስ ነበረኝ። አንገቴ ግን ከአንድ በላይ አላስቻለኝም።

«ሌላ የሚመጣ ሰው ስለሌለ።»

ሐጂ ሰዎቹን በእጃቸው ገለል አደረጉና በሁለት እጃቸው ኩቡን ራሳቸው አነሡት። «ለአላህ ብዬ» አሉ በአማርኛ። ከዚያ «ያ ረቢ፣ እንዴት ይከብዳል!» ብለው መሬት ላይ ጣሉት፤ የእግሬን ጣት በጥቂቱ ነው የሳተው።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ኻድራ ሐጂን በጎሪጥ እያየች ሻይ ሰጠችን፤ ለእኔ ስኳር አበዛችልኝ፣ ለሳቸው ነፈገቻቸው። ሰዉ ቀስ በቀስ ተበተነ። ሐጂ «የእናቴን አንብበኸዋል?» አሉኝ።

«አንብቤዋለሁ።»

«ሰውየው የተማረ ነው፣ ታውቃለህ? አንዲት ፊደል አልሳተም። የኔ አማርኛ እንደሱ አያምርም።» ብርጭቆውን አዟዟሩት። «እናቴ አማርኛ የለመደችው ከጎረቤት ነው። ጎረቤት ሲታመም፣ ሲወልድ፣ ስትገባ ስትወጣ። ቀብሯ ላይ ከኛ ይበልጥ ያለቀሱት እነሱ ነበሩ። ይኼ ልጅ ያንን ቋንቋ ከየት አምጥቶ ነው…» አሉና ሳይጨርሱት ሻያቸውን ጠጡ። እኔም ወደ መንገዱ አየሁ። መልስ የማይሰጥበት ደብዳቤ እንዳለ የገባኝ ያኔ ነው።

የጎረምሳው ቪዲዮ ማታውኑ ተለጥፎ ነበር። የሺ እንዳታይ ብላኝ ነበር፤ አየሁት። ግማሹ ሰው ሐጂን ባሪያ ፈንጋይ ይላቸዋል፤ ግማሹ እኔን ያገሬን ክብር በአደባባይ ያዋረድኩ ይለኛል። መልስ አላዘጋጀሁም። ደም ግፊቴ በመድኃኒት እንጂ በጥበብ አልወረደም፤ እንዳትሳሳቱ፣ ስድብ አሁንም ያመኛል። ልዩነቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሕመሜን ይዤ የምሄድበት ወንበር መኖሩ ነው።

ሳይፈቱ የቀሩትን እነሆ። ፍየሉ ማን እንደሚያርደው ስላልተወሰነ በሕይወት አለ፤ ወፍሯል። የበረሃው አንበሳ በራሱ አፍ ይቅርታ አልጠየቀም። በሐጂ እናት ላይ የተጻፈው እንዲሰረዝ ለመገናኛው ባለቤቶች አመልክቼ፣ ጽሑፉ ደንባቸውን እንደማይጥስ የሚገልጽ መልስ ደርሶኛል። የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አላወቅንም። ተሰርዞ እንደሆነ ለማየት ገጹን በከፈትኩ ቁጥር ደግሜ አነበዋለሁ። ሐጂም እንደዚሁ ያደርጋሉ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ አልጠየቅኋቸውም።